የጠፈር ፉክክርና ትብብር በኢትዮጵያ ምድር፦ ከቃኘው እስከ እንጦጦ



ስለ መጀመሪያዎቹ የጠፈር በረራዎች የሚጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የሁለት ኃያላን ታሪክ ነው። ዩሪ ጋጋሪን በኤፕሪል 1961 ምድርን ዞረ፤ ጆን ግሌን በፌብሩዋሪ 1962 ተከተለው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ግን ዛሬ ዓይናችንን ከሰማይ ወደ መሬት እንድንመልስ እጠይቃለሁ። ምድር ክብ ናትና አንድን መንኮራኩር ከአንድ አገር ሆኖ ያለማቋረጥ መከታተል አይቻልም። ስለዚህ አሜሪካ ለሜርኩሪ በረራዎች በናይጄሪያ ካኖና በዛንዚባር የመከታተያ ጣቢያዎች ተከለች። የዛንዚባሩ ጣቢያ ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ። ወደ ጠፈር የሚደረገው ጉዞ በሌሎች አገሮች ፈቃድ ላይም የቆመ ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ነበረች። በ1953 በተፈረመው ስምምነት መሠረት አሜሪካ በአስመራ የቃኘውን ጣቢያ ትጠቀም ነበር። ከ1965 እስከ 1975 ደግሞ በዚያ «ስቶንሃውስ» የተባለ ክፍል ሠርቷል። ዲያሜትራቸው 26 እና 46 ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ግዙፍ አንቴናዎች ነበሩት። ሥራቸው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የላኳቸው መንኮራኩሮች ወደ ምድር የሚያስተላልፉትን ምልክት መጥለፍ ነበር። እነዚያ መንኮራኩሮች ሰው ጨረቃን እንዲረግጥ መንገድ የሚጠርጉ ነበሩና፣ ምልክታቸውን የሰማ የተፎካካሪውን እርምጃ ይለካ ነበር።

አስመራ ለምን ተመረጠች? መልሱ ኬንትሮስ ነው። የሶቪየቶች የጠፈር መገናኛ ማዕከል በክራይሚያ የምትገኘው የቭፓቶሪያ ነበረች። መንኮራኩሮቹ መረጃቸውን የሚልኩት ከየቭፓቶሪያ አድማስ በላይ በሚሆኑበት ሰዓት ነው። በተቀራራቢ ኬንትሮስ ላይ ያለ ቦታ ደግሞ በዚያው ሰዓት ያያቸዋል። የቭፓቶሪያ በ33ኛው፣ አስመራ በ39ኛው ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ይገኛሉ። አሁን የተቀመጥንባት አሶሳ በ34ኛውና በ35ኛው መካከል ናት፤ በኬንትሮስ ከአስመራ ይልቅ ለየቭፓቶሪያ ትቀርባለች።

በእነዚያው ዓመታት በደብረ ዘይት ሌላ ዓይነት ሥራ ይካሄድ ነበር። የስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የቤከር-ነን ካሜራ በዚያ ተተክሎ ሳተላይቶችን ከከዋክብት ጋር ያነሣ ነበር። ተቋሙ በልዩ ልዩ አገሮች ከነበሩት ካሜራዎቹ ያገኘውን የምድር ቅርጽና የስበት ልኬት ለዓለም ሳይንቲስቶች በይፋ አሳትሟል። ስለዚህ ያው ሰማይ ከአስመራ በምስጢር ይደመጥ፣ ከደብረ ዘይት ለሳይንስ ፎቶ ይነሣ ነበር።

ፉክክርና ትብብር በሰዎቹም ዘንድ አልተነጣጠሉም። የጀሚኒ 5 ጠፈርተኞች ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ በሴፕቴምበር 1965 በወዳጅነት ጉዞ ኢትዮጵያን ጎብኝተዋል። በዚያው ጉዞ አቴንስ ላይ ከሶቪየቱ አሌክሲ ሊዮኖቭ ጋር ተገናኝተው ነበር። ይኸው ሊዮኖቭ በጁላይ 1975 በአፖሎ-ሶዩዝ በረራ ከቶማስ ስታፎርድ ጋር በጠፈር ተጨባበጠ። ስቶንሃውስ ሥራውን ያቆመውም በዚያው ዓመት ነው።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው። የአንድ ጣቢያ ዋጋ ለባለ አገሩ የሚለካው «ፉክክር» ወይም «ትብብር» በሚለው ስም ሳይሆን መረጃውን ማን እንደሚያነብበውና ዕውቀቱ ከማን ጋር እንደሚቀር ነው። ኢትዮጵያ ለሁለቱም ዓይነት ሥራ ቦታ ሰጥታለች፤ ቦታ መስጠት ብቻውን ግን የጠፈር አገር አያደርግም። ኢቲአርኤስኤስ-1 በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ስትመጥቅ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ መሆኑ ትርጉም የነበረው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ጥያቄው አልተዘጋም። በጁላይ 2020 እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ውኃ መሰብሰቡን የዓለም መገናኛ ብዙኃን ያሳዩት በአውሮፓው ሴንቲነል-1 ምስሎች ነበር። ሴንቲነል-1 በራዳር የክረምቱን ደመና ዘልቆ ያያል፤ የእኛዋ ሳተላይት የያዘችው ካሜራ ግን ይህን አይችልም ነበር። የዓባይን ሸለቆ ከላይ የሚያዩ ዓይኖች ዛሬም በአብዛኛው የሌሎች ናቸው። የሴንቲነል ምስሎች ግን እንደ ስቶንሃውስ ቅጂዎች የተቆለፉ አይደሉም፤ ለማንም በነጻ ክፍት ናቸው። የጎደለው አንባቢ ነው። ስለ ጉባ፣ ስለ ዳቡስና ስለ በለስ ምስሎቹ የሚሉትን ከዚህ ክልል የወጣ ተመራማሪ ቀድሞ ሊነግረን ይገባል። ይህን ሥራ ለእናንተ ለተማሪዎቼ እተዋለሁ።