የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፦ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ኮከቦችና ስለ ደጋፊዎቻቸው

በማኅበራችን ውስጥ የአሜሪካን የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የምንከታተል ጥቂት ሰዎች አለን። ከምሥራቅ አሜሪካ ጋር ያለን የሰዓት ልዩነት 7 ሰዓት ስለሆነ፣ እዚያ አመሻሽ ላይ ጨዋታ ሲጀመር እዚህ እስራኤል እኩለ ሌሊት አልፏል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የምናየው በማግስቱ ጠዋት፣ አውቶቡስ ላይ ሆነን፣ በስልካችን ነው። ከጨዋታው እኩል የሚገርመን ግን የደጋፊው ወሬ ነው። ውድድሩ በኖቬምበር ሲጀመር አንዷን ልጅ "ንግሥት" ይላታል፤ ፌብሩዋሪ ላይ ሁለት ሦስት ጨዋታ ሲበላሽባት ያው አፍ "በቃ፣ አለቀላት" ይላል። በኤፕሪል ዋንጫ ስታነሳ ደግሞ "እኔ እኮ ድሮም ብያለሁ!" ይላል።

ይህ ወሬ ታሪክ አለው። እኛም ታሪኩን ለመጻፍ የተነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻው ላይ እንነግራችኋለን።

ከሊቱዌንያ የመጣችው መምህርት

የሴቶች ቅርጫት ኳስ የሚጀምረው ከአንዲት አይሁዳዊት ስደተኛ ነው። ሴንዳ ቤረንሰን በ1868 በሊቱዌንያ ቡትሪሞኒስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። በ1875 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ቦስተን ሄደች። በልጅነቷ ጤናዋ ደካማ ነበር፤ ሰውነቷ እንዲጠነክር ብላ የስፖርት መምህራን ማሠልጠኛ ገባች፤ ያም ሕይወቷን ለወጠው። በ1892 ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት፣ በስሚዝ ኮሌጅ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆነች። ጄምስ ናይስሚዝ ቅርጫት ኳስን የፈጠረው በዲሴምበር 1891፣ ከዚያ ብዙም በማትርቀው በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነበር። እሷም ስለ አዲሱ ጨዋታ ሰማች፣ ለሴቶች እንዲስማማ አድርጋ አስተካከለችው፣ በማርች 1893 የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቿን አጋጠመች።

ሕጓ ከወንዶቹ ይለይ ነበር። ሜዳው ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ተጫዋቿ ከክፍሏ አትወጣም፤ ኳስ ከሰው እጅ መንጠቅ አይፈቀድም፤ ከ3 ሰከንድ በላይ ኳስ መያዝም እንዲሁ። በዘመኑ "ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች" የሚል ሥጋት ስለነበር፣ ጨዋታው እንዳይከለከል ይህን ሁሉ ማድረግ ግድ ነበር። ቤረንሰን በ1985 ስሟ በቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ከሰፈረ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች።

ያ የድሮ ሥጋት ግን ጨርሶ የጠፋ አይመስለንም። ወንድ ተጫዋች ኳስ ሲስት "ዛሬ ቀኑ አይደለም" ይባልለታል፤ ሴቷ ስትስት "ድሮስ!" የሚል አይጠፋም።

ሕግ በር ከፈተ፣ ሕዝብ ገባ

በ1972 አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በጾታ አድልዎ እንዳያደርግ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኮሌጆች ለሴቶች ስፖርት ቡድን፣ አሰልጣኝና የትምህርት ዕድል መስጠት ጀመሩ። የአገሪቱ ዋናው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የመጀመሪያውን የሴቶች ሻምፒዮና በ1982 አዘጋጀ፤ ሉዊዚያና ቴክ ቼይኒን 76 ለ62 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2024 ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ75 ሲያሸንፍ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን አየ። የሴቶቹ ፍጻሜ ከወንዶቹ የበለጠ ተመልካች ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሕዝብ ሲበዛ ወሬም ይበዛል። ገንዘብም ተጨመረበት። ከ2018 ወዲህ በስፖርት ቁማር መጫወት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ተፈቀደ፤ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። ለልጆቹ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የ19 ዓመት ልጅ ስትደክም "ተማሪ ናት፣ ተዉአት" የሚለው ሰው ቁጥር ቀነሰ። በ2023 ከኤል ኤስ ዩ ጋር ዋንጫ ያነሳችው ኤንጅል ሪስ፣ በቀጣዩ ዓመት ቡድኗ በአይዋ ተሸንፎ ሲወጣ፣ የግድያ ዛቻ ሳይቀር ይደርሳት እንደነበር እያለቀሰች ተናግራለች።

ሦስት ልጆች፣ ሦስት ፌብሩዋሪ

የመጀመሪያዋ ብሬና ስቱዋርት ናት። በ2012 ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ስትገባ ከአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ የተባለች ልጅ ነበረች። አጀማመሯ ግሩም ነበር። የውድድሩ አጋማሽ ላይ ግን አቋሟ ወረደ፤ ኳሷ አልገባ አለ፣ በራስ መተማመኗም ቀነሰ። "ይቺ ናት የተወራላት?" ተባለ። ቡድኗ በዚያ ዓመት 4 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ሦስቱን ያሸነፈው ኖተር ዳም ነው። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜው ደረሰ፤ ተጋጣሚው ያው ኖተር ዳም። ስቱዋርት 29 ነጥብ አስቆጠረች፣ ዩኮን 83 ለ65 አሸነፈ። በፍጻሜው ሉዊቪልን 93 ለ60 ሲያሸንፉ 23 ነጥብ ጨመረች፣ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም ተባለች። ኮሌጅ በቆየችባቸው 4 ዓመታት 4 ዋንጫ አነሳች፤ አራቱንም ጊዜ ምርጥ ተጫዋች እሷ ነበረች።

ሁለተኛዋ ኬትሊን ክላርክ ናት። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 የአይዋ ቡድኗ በነብራስካ 82 ለ79 ተሸነፈ። የነጥብ ክብረ ወሰኑን ትሰብራለች ተብሎ ሲጠበቅ፣ በአራተኛው ሩብ አንድም ነጥብ አላስቆጠረችም። "ጫናውን አልቻለችውም" የሚለው ወሬ ገና ሳይበርድ፣ ከ4 ቀን በኋላ ሚሺጋን ላይ 49 ነጥብ አስቆጥራ ክብረ ወሰኑን ሰበረች። ኮሌጁን ስትጨርስ 3,951 ነጥብ ነበራት።

ሦስተኛዋ ፔጅ ቤከርስ ናት። በመጀመሪያ ዓመቷ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለች፤ ከዚያ ጉልበቷ ተጎዳ፣ እንደገናም ተጎዳ፣ 2022–23ን ሙሉ ዓመት ሳትጫወት አሳለፈች። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2025 ዩኮን በቴነሲ 80 ለ76 ሲሸነፍ "ይህ ቡድን ትልልቆቹን አይችልም" ተባለ። በ10 ቀን ውስጥ ሳውዝ ካሮላይናን በሜዳው 87 ለ58 አሸነፉ። በኤፕሪል 6 በፍጻሜው ያንኑ ቡድን 82 ለ59 ደገሙት። ዩኮን ከ2016 በኋላ ዋንጫ ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ለምን ይወርዳሉ?

አንዳንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ የሚገናኙት ቡድኖች በአንድ ሊግ ያሉ፣ በደንብ የሚተዋወቁ ናቸው፤ ኮከቧን በቪዲዮ ያጠኗታል፣ ሁለት ተከላካይ ያቆሙባታል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህን ያህል ረጅም ውድድር ተጫውታ አታውቅም። ጉዞ አለ፣ ፈተና አለ፣ የቤት ናፍቆት አለ፣ ለማንም የማይነገር የጉልበት ሕመም አለ።

ሌላው ምክንያት ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ እሱን ያስረዱን ደግሞ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ዳንኤል ካነማን በ1960ዎቹ ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎች ትምህርት ሲሰጥ፣ አንዱ አስተማሪ "ተማሪን ሳመሰግነው በቀጣዩ ይበላሻል፤ ስጮህበት ይሻሻላል፤ ስለዚህ ምስጋና አይጠቅምም" አለው። ካነማንም ነገሩን አስተዋለ። ሰው በጣም ጥሩ ከሠራ በኋላ፣ ብታመሰግነውም ባታመሰግነውም፣ ቀጥሎ ወደ ተለመደው ልኩ ይመለሳል። በጣም ከተበላሸበት በኋላም፣ ብትጮህበትም ባትጮህበትም፣ እንደዚያው። ጩኸቱ የሠራ ይመስለናል እንጂ አልሠራም። አማካይዋ 15 ነጥብ የሆነች ልጅ ሦስት ጨዋታ ላይ 30 ካስቆጠረች፣ ወደ 15 ስትመለስ "ወደቀች" ማለት ስህተት ነው፤ ወደ ልኳ ተመለሰች እንጂ።

በ1985 ደግሞ የሃይፋው ተወላጅ አሞስ ትቨርስኪ ከቶማስ ጊሎቪችና ከሮበርት ቫሎኒ ጋር ሆኖ "የሞቀ እጅ" የሚባለውን እምነት መረመረ። ከመረመሯቸው መካከል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሴት ተጫዋቾችም ነበሩ። ሦስት ያገባች ልጅ አራተኛውን የማግባት ዕድሏ እንደማይጨምር ደመደሙ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱ ላይ ጉድለት አግኝተው፣ የሞቀ እጅ በጥቂቱም ቢሆን ሊኖር እንደሚችል አሳይተዋል። ክርክሩ ቀጥሏል። የጸናው ነገር ግን ይህ ነው፦ እኛ ተመልካቾች በሦስት ኳስ ሰው አንግሠን፣ በሦስት ኳስ ሰው እናወርዳለን።

እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በማትናሱ አዳራሽ የሚጫወት የልጃገረዶች ቡድን አለን። አንድ ክረምት ላይ ከሁሉ የምትበልጠው የ15 ዓመት ልጅ አቋሟ ወረደ። ኳስ ትስታለች፣ ዘግይታ ትመጣለች፣ ዝም ትላለች። ከመቀመጫው ላይ ሆነን "ምን ነካት? ጠገበች እንዴ?" ያልነው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛ ነን፤ እሷ በምትሰማው ድምፅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መምጣት አቆመች።

ቆይቶ ነው የሰማነው። አያቷ ታመው ነበር። በየሳምንቱ ከትምህርት ቤት ቀርታ ኩፓት ሆሊም ይዛቸው ትሄድና ሐኪሙ በዕብራይስጥ የሚላቸውን በአማርኛ ታስረዳቸው ነበር። ከባድ ነገር ሲነገር መጀመሪያ የምትሰማው እሷ፤ ለአያቷ እንዴት እንደምትናገረው የምታስበውም እሷ ነበረች። ስንቶቻችን ነን በልጅነታችን ይህን ያደረግን? እያወቅነው ግን አልጠየቅናትም። "የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል" ይላሉ አባቶቻችን፤ ያን ክረምት ምሳሩን የያዝነው እኛ ነበርን። ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። አሁን አንዳንዴ ትናንሾቹን ለማሠልጠን ትመጣለች፤ መጫወቱን ግን አልቀጠለችም።

ወላጆቻችን፣ ይህ የኳስ ነገር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ሴሚስተር 90 ያመጣ ልጅ በሁለተኛው 75 ሲያመጣ፣ ባግሩት አንድ ጊዜ ሲበላሽበት፣ "አንተ ድሮም!" ከማለታችን በፊት ብሬና ስቱዋርትን እናስታውስ። በፌብሩዋሪ ተፈርዶባት ቢሆን ኖሮ ኤፕሪልን አናይም ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ በማኅበራችን አንድ ነገር ተስማምተናል። ልጅ ሲደክም መጀመሪያ "ደህና ነሽ? ቤት ሁሉ ሰላም ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመካከላችን ይኖራል፤ ስለ ኳሱ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ጨዋታው ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ነው፤ እናቶች፣ አባቶች፣ ኑና አጨብጭቡ። በተለይ ኳሱ በማይገባበት ቀን ኑ።