ቡናን በጨው የጠጣ ትውልድና የስኳር በሽታ

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ ነበር። ተረቱን ከአገር ቤት ይዘነው መጣን፤ እስራኤል ከገባን በኋላ ግን አንድን በሽታ ከልጆቻችን፣ ከጎረቤቶቻችን፣ አንዳንዴም ከራሳችን ደብቀን ብዙ ዓመት ኖርን። እርሱም የስኳር በሽታ ነው። የቤተ እስራኤል ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ስለ መንደሮቻችን፣ ስለ ቄሶቻችንና ስለ ጉዞአችን ይጻፋል። እኛ ዛሬ ስለ ደማችን፣ ስለ ኩላሊታችንና ስለ እግራችን እንጽፋለን፤ ይህም የጉዞአችን ታሪክ አንዱ ክፍል ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በአገር ቤት ሳለን

በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራ፣ በደንቢያ፣ በበለሳና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት አባቶቻችን የሰው መሬት ያርሱ፣ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር። እናቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ፣ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫሉ፣ በእንስራ ውሃ ከምንጭ ይቀዳሉ። ገበያ መሄድ ማለት ግማሽ ቀን በእግር መጓዝ ማለት ነበር። ምግባችን የጤፍ፣ የማሽላ፣ የዳጉሳ ወይም የገብስ እንጀራ በሽሮና በጎመን ነው። ሥጋ የበዓል ነው። ስኳር ደግሞ ከከተማ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ቡናችንን፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም፣ በጨው እንጠጣ ነበር።

ይህ ሲባል በሽታው በአገር ቤት ፈጽሞ አልነበረም ማለታችን አይደለም። በጎንደር የስኳር ሕመምተኞችን ሲያክሙ የቆዩ ሐኪሞች በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር በድህነት ያደጉ፣ ከሲታ የሆኑና ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩ ወጣት ሕመምተኞች መኖራቸውን አስረድተዋል። ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1921 ተገኝቶ በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ተሰጥቷል፤ ወደ መንደሮቻችን ግን አልደረሰም። ስለዚህ አንድ ልጅ ውሃ እየጠማው፣ እየከሳ ሄዶ ሲሞት፣ ዛር ነው፣ ዐይነ ጥላ ነው ይባል ነበር እንጂ የበሽታውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ በእኛ መካከል የተስፋፋው ግን ከዚህ የተለየው፣ በጎልማሳነት ቀስ ብሎ የሚገባው ዓይነት ነው።

አንድ በሽታ በአንዱ አገር ሳይታይ በሌላው አገር መታየቱ እኛ የጀመርነው ነገር አይደለም። በ12ኛው መቶ ዘመን በስፔን ተወልዶ፣ በሞሮኮ ቆይቶ፣ በግብፅ በሐኪምነት የኖረው ታላቁ ራምባም ስለዚሁ በሽታ ጽፏል። በምዕራብ አገር ሳለ እንዳላየው፣ በግብፅ ግን በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ20 በላይ ሕመምተኞች እንዳየ ይናገራል። ምክንያቱን ለአገሩ ሙቀትና ለዓባይ ውሃ ሰጥቶታል። ይህ ምክንያት ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ጥያቄው ግን የእኛም ጥያቄ ነው። ከአገር ወደ አገር ስንሻገር በሥጋችን ላይ ምን ተለወጠ?

ከጉዞው በኋላ

ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተን በእግራችን ወደ ሱዳን ስንወርድ፣ በመንገድና በስደተኛ ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ሰዎች ገቡ። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ መጡ። ብዙዎቻችን ስንደርስ ሥጋችን ከአጥንታችን ጋር ተጣብቆ ነበር። የተቀበሉን ሐኪሞች የሚፈልጉት ወባን፣ የሳንባ ነቀርሳንና የሆድ ትላትልን ነበር። በዚያ ሰውነት ላይ ስኳርን ማን ይጠረጥራል?

በመርካዝ ክሊታ ገብተን ተቀመጥን፤ እዚህ በአሽቀሎንም በቤት ካናዳ ያለፉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ነጭ ዳቦ በየቀኑ ይቀርባል፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ጣፋጭ መጠጥ ሞልቷል። ጤፍ ስላልተገኘ እንጀራውን በነጭ ዱቄትና በሩዝ ጋገርነው። የሚታረስ መሬት የለም፤ ለገበያም አውቶቡስ አለ። ስኳር ረከሰ፤ በቡናው ውስጥ የጨው ቦታ ለስኳር ተለቀቀ። እንግዳን በጣፋጭ ማክበር ጥንትም ልማዳችን ነበርና፣ አሁን ሁሉም ቀን የእንግዳ ቀን ሆነ።

ከሙሴ ዘመቻ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1988 በአሜሪካ የስኳር በሽታ መጽሔት ላይ የወጣ የእስራኤል ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣት ጎልማሶች መካከል በሽታው ከተጠበቀው በላይ በዝቶ መገኘቱን አስታወቀ። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአገሩ የኖርንበት ዘመን በጨመረ ቁጥር በሽታውም እንደሚጨምር፣ ይህም የሚሆነው እንደሌላው ሕዝብ ሳንወፍር መሆኑን አሳየ። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይዘኝም» የሚለው ንግግር ለእኛ አይሠራም።

ሊቃውንቱ ከሚሰጡት ማብራሪያ አንዱ የረሃብ ነገር ነው። በረሃብ ዘመን የተፈጠረ አካል ጥቂቱን ምግብ ቆጥቦ ለመኖር ይሠራል ይላሉ። በሆላንድ አገር በ1944 እና በ1945 በነበረው የረሃብ ክረምት በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ልጆች፣ አድገው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን በአግባቡ ለመጠቀም ሲቸገር ተገኝቷል። እኛም የ1984ን ረሃብና የሱዳንን በረሃ ያለፍን ሕዝብ ነን። ቆሽታችን ለጥቂት እህል ተዘጋጅቶ ሳለ ጥጋብ በአንድ ጊዜ መጣበት።

«ስኳር አለሽ» የተባሉት እናት

ስማቸውን የማንጠቅሰው አንዲት እናት የነገሩንን እንጻፍ። ደማቸው ተመርምሮ ውጤቱ ሲነገራቸው፣ ያስተረጎመላቸው የ10 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ «አያቴ፣ ስኳር አለሽ አሉ» አላቸው። እርሳቸውም «እኔ ቡናዬን እስከ ዛሬ በጨው ነው የምጠጣ፤ ስኳሩ ከየት መጣ?» ብለው ሳቁና ወደ ቤታቸው ሄዱ። የታዘዘላቸውን ኪኒን ሳይወስዱ፣ ነጭ ዳቦውንና የሩዝ እንጀራውን ሳይቀንሱ ስድስት ዓመት ቆዩ። ዱቄት በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር እንደሚሆን የነገራቸው አልነበረም። የበሽታው ስም ራሱ አሳሳታቸው።

በዚህ ላይ የመርዶ ልማዳችን አለ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ጊዜው ይመረጣል፤ የሚያጽናና ሰው አጠገብ ይቀመጣል። እዚህ ግን ዕድሜ ልክ የሚኖር በሽታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ያውም በሕፃን አፍ ተነገረ። ሐኪሙ በእርሱ ልማድ እውነቱን ተናገረ፤ እኛ ደግሞ በእኛ ልማድ ያልተነገረን ያህል ቆጠርነው። በደሉን በአንድ ወገን ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የታማሚው ሰውነት ነው።

ደማችንና እምነታችን

የስኳር ሕመምተኛ ደሙን ሳያስመረምር መታከም አይችልም። እኛ ደግሞ በደም ነገር ቆስለናል። በጃንዋሪ 1996 ከወገኖቻችን የተለገሰው ደም ሳይነገረን ይጣል እንደነበረ በጋዜጣ ሲገለጥ፣ በሺህ የምንቆጠር ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰብን። ነገሩን የሚመረምር ኮሚሽንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትሥሐቅ ናቮን ሰብሳቢነት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሽማግሌዎች «ደሜን ቀድተው ምን ሊያደርጉት ነው?» እያሉ ከምርመራ ሸሹ። ቁጣው ትክክል ነበር። ነገር ግን ለተቃውሞ የወጣንበትን ደም በቤታችን ስኳር ሲበላው ዝም ማለታችን ትክክል አልነበረም።

መልካም የተሠራውንም መመስከር ይገባል። በ1998 በሐዴራ ከተማ የሂለል ያፌ ሆስፒታል ሐኪም የሆኑት ዶ/ር አናት ያፌ ከወገኖቻችን ጋር ሆነው ቴኔ ብሪኡት የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ የጤና ቅርጫት ማለት ነው። ማኅበሩ በሽታውን በአማርኛና በትግርኛ ማስረዳትን፣ በሐኪሙና በታማሚው መካከል ልማዱንም ቋንቋውንም የሚያውቅ አገናኝ ማቆምን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ሕፃን ልጅ የአያቱን በሽታ እንዲያስተረጉም ማድረግ እንደማይገባም ከእንዲህ ያለው ሥራ ተምረናል።

ሱዳንን ያቋረጠው እግር

ስኳር በዝምታ ይሠራል። ዐይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳው ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ነው። የኩላሊት እጥበት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ከመኪናው ጋር ታስሮ ይውላል። ሁሉን ያየ ዐይን ፊደል ለመለየት ያቅተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን የእግር ነገር ነው። ነርቩ ሲሞት እግር እሾህ ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማም። ቁስሉ ይመረቅዛል፤ በመጨረሻም ይቆረጣል። ከጎንደር እስከ ሱዳን በባዶ እግራቸው የተጓዙ፣ በበረሃ ያልወደቁ ሰዎች፣ በኢየሩሳሌም ምድር በአንዲት ትንሽ ቁስል እግራቸውን ሲያጡ አይተናል።

ይህ ግን የማይቀር ዕዳ አይደለም። በጾም የተለካ የደም ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከተረጋገጠ በሽታው አለ ማለት ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ለብዙ ጎልማሶች ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ ለአረጋውያን ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል። የደም ግፊትም አብሮ መያዝ አለበት። ዐይንና ሽንት በየዓመቱ ይመርመር። እግር በየማታው ይታይ፤ ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰው ልጅ ይይለት። ዛሬ ኩላሊትን የሚጠብቁ ኪኒኖች፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጉ መድኃኒቶች፣ ክንድ ላይ ተለጥፈው ስኳሩን የሚያነቡ መለኪያዎች አሉ። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑና የጤፉ እንጀራ በልኩ ሲበላ ከነጭ ዳቦው ይሻላል። በዚህ ነገር አያቶቻችን ከእኛ ይበልጡ ነበር።

ስለ ጾምና ስለ ንጉሥ አሳ

አንዳንድ አባቶች «ንጉሥ አሳን አስቡ» ይሉናል። በዜና መዋዕል ካልዕ እንደተጻፈው፣ አሳ በእርጅናው እግሩን ታመመ፤ እግዚአብሔርን ሳይሆን ባለ መድኃኒቶችን በመፈለጉም ተነቀፈ። እኛ ግን ነቀፋው ሐኪም ስለ ጠራ ሳይሆን እግዚአብሔርን ስለ ረሳ ነው እንላለን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ሰውን ያቆሰለ ሰው የማስታመሚያውን ዋጋ እንዲከፍል ታዟል፤ ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው ሐኪም እንዲፈውስ ፈቃድ እንዳለው አስተምረዋል። ራምባምም ሊቅም ሐኪምም ነበር።

በአገር ቤት ጾሞቻችን ብዙ፣ ሰንበታችንም ጥብቅ ነበረች። ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህም ሽማግሌዎቻችን ጾመው ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ሳይበላ ሲውል ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ነፍስን ማዳን ከሰንበት እንኳ ይቀድማል። ስለሆነም ከጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙንም፣ ቄሱን ወይም ረቢውንም መጠየቅ ይገባል። ላብ ካጠመቀውና እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ይለካ። ጾሙን በማፍረሱ ኃጢአት የለበትም።

ዛሬ በአጋሚም

አጋሚም በዕብራይስጥ ሐይቆች ማለት ነው። በዚህ አዲስ ሰፈር ልጆቻችን ቤት ገዝተው ይኖራሉ፤ አያቶችም ከእነርሱ ጋር አሉ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጀምሮ በነበሩት የጦርነት ወራት ሲረን ሲጮህ ወደ ማማድ ለመግባት የነበረን ጊዜ 30 ሴኮንድ ነበር። እግሩ የደነዘዘ ሽማግሌ በሌሊት ባዶ እግሩን ሲሮጥ ምን እንደረገጠ አያውቅም። አንዳንድ ቤቶች ጫማውን ከአልጋው ሥር፣ መድኃኒቱን፣ መለኪያውንና ጥቂት ስኳሩን በአንድ ቦርሳ አድርገው ማማድ ውስጥ ማስቀመጥን ተማሩ። ይህ ልማድ በሰላም ጊዜም ይጠቅማልና አይተው።

አሁን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት ቡና ተፈልቶ ስትሰበሰቡ፣ ከመካከላችሁ በሽታው ያለበት ሰው ለልጆቹ ይንገር። ወላጅ ያለበት በሽታ ለልጅም ያሰጋልና፣ ልጁ በወጣትነቱ ይመርመር። ልጆችም አባቶቻችሁን ጫማቸውን አውልቃችሁ እግራቸውን እዩላቸው። ወደዚህ ምድር ያመጣችሁ ያ እግር ነው።