በቸነፈር ዘመን በፈቃዷ ስለ ተዘጋች መንደር

ቸነፈር በተነሣ ጊዜ መሸሽ የሰው ጥንታዊ ልማድ ነው። መንግሥታትም ይህን ስላወቁ እንግዳን በሕግ ይከለክሉ ነበር፤ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉሳ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1377 ዓ.ም. ከታመመ አገር የሚመጣ ሰው 30 ቀን በውጭ ሳይቈይ እንዳይገባ ደነገገች። ቀኑ በኋላ 40 ስለ ኾነ የኢጣልያ ሰዎች ከዚሁ ቍጥር «ኳራንቲና» የሚለውን ስም አወጡለት። ይህ ግን የትእዛዝ ነገር ነው። ሰው በፈቃዱ በሩን በራሱ ላይ ለምን እንደሚዘጋ ለመረዳት በእንግሊዝ አገር፥ በደርቢሻየር ያለችውን የኢምን መንደር መመልከት ይገባል።

በዚያው አቈጣጠር በ1665 ዓ.ም.፥ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፥ ከለንደን ለአንድ ልብስ ሰፊ የተላከ ጨርቅ ወደ መንደሪቱ ገባ። በውስጡ በሽታ አስተላላፊ ቍንጫ እንደ ነበረበት ይታመናል። ጨርቁን የፈታው ሠራተኛ በጥቂት ቀን ሞተ፤ ከእርሱም በኋላ ብዙዎች ተከተሉት።

በ1666 ዓ.ም. በሰኔ ሞት እንደ ገና ሲበረታ፥ ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን ማንም ከመንደሩ እንዳይወጣ መከረ። እርሱ ግን ለስፍራው አዲስ ስለ ነበረ ብቻውን ቢናገር የሚሰማው ጥቂት ነበር። ሕዝቡ ይወድ የነበረው በሥርዓተ ጸሎት ክርክር ከሹመቱ የተሻረውን የቀድሞውን አገልጋይ ቶማስ ስታንሊን ነው። እነዚህ ሁለቱ፥ ሊነጋገሩ እንኳ የማይገባቸው ይመስሉ የነበሩት፥ በአንድ ቃል ስለ መከሩ ሕዝቡ እሺ አለ። የዴቮንሻየር ኤርልም ስንቅ ሊልክላቸው ተስማማ። ባዶ ሆድ ይዞ የሚዘጋ መንደር የለምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እህሉ በድንበር ላይ ይቀመጥ፥ ዋጋውም በኮምጣጤ ውስጥ ይተው ነበር። ጸሎት በሜዳ ኾነ፤ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተራርቆ ይቆም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ባለጠጎቹ አስቀድመው ወጥተው ነበር፤ ሞምፐሰንም ሁለት ልጆቹን ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ስፍራ ሰድዷል። ሚስቱ ካትሪን ግን አብራው ቀርታ በነሐሴ ሞተች። አንዲት እናት በስምንት ቀን ውስጥ ባልዋንና ስድስት ልጆችዋን በገዛ እጅዋ ቀበረች።

በሽታው በኅዳር ሲያቆም 260 ያህል ሰዎች አልቀው ነበር። ጤነኞቹ ከመንደሩ ተበትነው ቢኾን ከእነርሱ ብዙዎች በተረፉ ነበር የሚሉ የዘመናችን ሊቃውንት አሉ፤ ነገሩ እውነት ሊኾን ይችላል። በዙሪያዋ የነበሩት መንደሮች ግን ከቸነፈሩ ዳኑ። ገንዘቡ ይቀመጥበት የነበረው ባለ ቀዳዳ የድንበር ድንጋይ እስከ ዛሬ በስፍራው ይታያል።