ዜና ቤተ ክርስቲያን ዘካሼል

በአየርላንድ ደቡብ፥ ማንስተር በሚባለው አገር፥ ከለምለም ሜዳ መካከል ብቻውን የወጣ የኖራ ድንጋይ አምባ አለ፤ ስሙም ካሼል ነው። በላዩ ጣራ የሌለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። አምባውን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠውና ቤተ ክርስቲያኑን በደም ያረከሰው ከአንድ ቤት የወጡ ናቸውና ነገሩን ከሥሩ እንጽፋለን። የዘመኑ ቍጥር እንደ ፈረንጆች ነው።

አምባው አስቀድሞ የማንስተር ነገሥታት መናገሻ ነበር። ቅዱስ ፓትሪክ ንጉሥ ኤንገስን ሲያጠምቅ የበትሩ ሹል ጫፍ የንጉሡን እግር ወጋው፤ ንጉሡም የጥምቀቱ ሥርዓት መስሎት ሕመሙን ዝም ብሎ ቻለው ይባላል። ከዘመናት በኋላ ብራየን ቦሩ የሚባል ኃያል ተነሥቶ በካሼል ነገሠ። የእርሱ የልጅ ልጅ ልጅ ንጉሥ ሙርከርታክ ኦብራየን በ1101 ታላቅ ጉባኤ ሰብስቦ አምባውን ለቤተ ክርስቲያን ርስት አድርጎ ሰጠ። ለነፍሱ ብሎ ነው ወይስ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች፥ የማካርቲ ወገኖች፥ ዳግመኛ እንዳይነግሡበት? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ማካርቲዎችም አልተኙም። ከእነርሱ ወገን የሆነው ንጉሥ ኮርማክ በ1127 በዚያው አምባ ላይ ጸሎት ቤት ማሠራት ጀመረ፤ በ1134ም ተቀደሰች። ጣራዋ ከድንጋይ ነው፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበል። እርሱ በ1138 ተገደለ። ታላቁ ካቴድራል ከጎኗ የተሠራው በተከታዩ ምእት ዓመት ነው።

በ1495 የኪልዴር መስፍን ጄራልድ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ተጣልቶ ካቴድራሉን በእሳት ለቀቀው። በእንግሊዝ ንጉሥ በሄንሪ 7ኛ ፊት ቆሞ ሲጠየቅም፥ ሊቀ ጳጳሱ ከውስጥ ያለ መስሎኝ ነው እንጂ ባላቃጠልሁት ነበር ብሎ መለሰ ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰበብ ያዳነው ሰው ጥቂት ነው፤ በ1496 ግን ተመልሶ የአየርላንድ እንደራሴ ሆነ።

ከዚህም በኋላ ሃይማኖት ተከፈለ። ከ1571 ጀምሮ በካሼል ወንበር የተቀመጠው ሚለር ማግራት በእንግሊዝ ንግሥት ሹመት የፕሮቴስታንት ሊቀ ጳጳስ፥ በሮም ሹመት ደግሞ የሌላ ሀገረ ስብከት የካቶሊክ ጳጳስ ሆኖ እስከ 1580 ሁለቱንም በላ። መቃብሩ እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው።

በ1647 በመስከረም ወር ሙሮ ኦብራየን የእንግሊዝ ፓርላማን ጦር እየመራ ወደ ካሼል መጣ። ትውልዱ ከብራየን ቦሩ ነው፤ ያደገው ግን በእንግሊዝ ሃይማኖት ነበር። የከተማው ሕዝብ፥ ካህናቱም ወታደሮቹም ወደ አምባው ሸሹ። ሙሮ እጃችሁን ስጡ ቢል እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ጭፍሮቹ አገሬው ለማገዶ የሚያደርቀውን የረግረግ አፈር ከቅጥሩ ሥር ከምረው አነደዱ፤ በጭሱና በእሳቱ መካከል ገቡ፤ በካቴድራሉ መስኮቶችም መሰላል አቁመው ዘለቁ። በመንበሩ ዙሪያ የታረደው በመቶ የሚቈጠር ነው፤ ሴቶችም ነበሩበት። ሙሮ የሊቀ ጳጳሱን አክሊል ደፍቶ አፌዘ ተብሎም ይወራል። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ «ሙሮ አቃጣዩ» አለው። እርሱ ግን በኋላ ተሰዶ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ፥ በእርሱም ሆኖ በ1674 ሞተ።

ካቴድራሉን የጨረሰው ግን ጦር አይደለም። በ1749 የፕሮቴስታንቱ ሊቀ ጳጳስ አርተር ፕራይስ ወንበሩን ወደ ታች ወደ ከተማው አዛውሮ ጣራውን አስነሣ። ሠረገላው አቀበቱን መውጣት ስላቃተው ነው ብለው ያሙታል። ዝናቡም ገባ። በ1847 ደግሞ ዐውሎ ነፋስ ከምዕራብ ጫፍ የተያያዘውን ግንብ በከፊል ጣለው።

የኮርማክ ጸሎት ቤት የሚነሣ ጣራ አልነበራትምና ቀረች። በውስጧም በ12ኛው ምእት ዓመት የተሣለው ሥዕል በኖራ ተለስኖ ለዘመናት ተሰውሮ ነበር። በእኛ ዘመን ልስኑ ሲፋቅ፥ እንደ ዕንቍ ከከበረ ደንጊያ የተፈጨ ሰማያዊ ቀለም ከሥሩ ወጣ።