የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል (ፒልስ)፦ የትኛው ጎንዮሽ ጉዳት የተለመደ ነው? የትኛው አደገኛ?

ከልደታ ማርያም አካባቢ ተከታታዮቻችን በውስጥ መስመር እየደጋገሙ የሚልኩልን ጥያቄ አለ። «ፒልስ ማህፀን ያደርቃል እንዴ?»፣ «ማድያት አወጣብኝ፣ ላቁመው?»፣ «ፖስት ፒል ቶሎ ቶሎ ብወስድ ምን ይሆናል?» ዛሬ ሁሉንም አንድ ላይ ይዘንላችሁ መጥተናል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ፒልስ ለአብዛኞቹ ጤነኛ ወጣት ሴቶች አደገኛ አይደለም፤ ግን ለሁሉም ሴት አይሆንም። ለጓደኛሽ የተስማማው ላንቺ ላይስማማ ይችላል። ችግሩ ብዙዎቻችን ደም ግፊታችንን ሳንለካ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀን ገዝተን መሄዳችን ነው።

መጀመሪያ ስማቸውን እንለይ

«ፒልስ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ።
1. ጥምር እንክብል፦ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች አሉት። በየቀኑ ይወሰዳል።
2. ሚኒ ፒል፦ ፕሮጄስቲን ብቻ ነው ያለው። ይሄም በየቀኑ ነው።
3. ፖስት ፒል፦ ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው።

በአገራችን በብዛት የሚወሰደው ፒልስ ሳይሆን መርፌ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከባለትዳር ሴቶች 23 በመቶው መርፌ፣ 8 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን፣ 2 በመቶው ብቻ ፒልስ ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ስለ ፒልስ ከሚወራው ብዙው የመርፌው ወሬ ነው።

የተለመዱትና የሚያልፉት

ማቅለሽለሽ፣ ቀላል ራስ ምታት፣ የጡት መወጠር፣ በወር አበባ መሀል ጠብ ጠብ የሚል ደም፣ የስሜት መለዋወጥ። እነዚህ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ይቀንሳሉ። ካቅለሸለሻችሁ ማታ ከእራት በኋላ ውሰዱት። ለምትጾሙም ይሄው ሰዓት ይመቻል፤ ዋናው ሰዓቱን አለመቀያየር ነው።

ማድያት እውነት ነው፣ ሊያወጣ ይችላል፤ ፀሐይ ደግሞ ያብሰዋል። ጥላ ያዙ፣ ፊታችሁን ከፀሐይ ጠብቁ፣ ካስጠላችሁ ዓይነቱን ለመቀየር ባለሙያ አማክሩ። ዝም ብሎ ማቆም ግን አይመከርም፤ ሌላ መከላከያ ሳይያዝ ያቆመች ሴት ወዲያው ልታረግዝ ትችላለች።

«ያወፍራል»፣ «ማህፀን ያደርቃል» የሚባለውስ?

ጥናቶች ፒልስ በግልጽ ያወፍራል የሚል ማስረጃ አላገኙም። ክብደት በመጨመር ይበልጥ የሚታወቀው የሦስት ወሩ መርፌ ነው። ማህፀንም አያደርቅም። ፒልስ ሲቆም የማርገዝ አቅም ቶሎ ይመለሳል። ከመርፌ በኋላ ግን ብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ መዘግየት እንጂ መካን መሆን ማለት አይደለም።

ከባዱ አደጋ፦ ደም መርጋት

በጥምር እንክብል ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። የረጋው ደም ከእግር ተነስቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ምን ያህል ያጋጥማል? በዓመት ከ10,000 ሴቶች፦
- ፒልስ ከማይወስዱ እርጉዝ ካልሆኑ፦ ከ1 እስከ 5
- ጥምር እንክብል ከሚወስዱ፦ ከ3 እስከ 9
- ከነፍሰ ጡሮች፦ ከ5 እስከ 20

እንደምታዩት አደጋው ይጨምራል፣ ግን እርግዝና ራሱ ከሚያመጣው ያነሰ ነው። በፈረንጆቹ 1960 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው እንክብል የዛሬዎቹን ብዙ እጥፍ ሆርሞን ነበረው፤ መጠኑ የተቀነሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥምር እንክብል የማይመከርላቸው

- ደም ግፊት ያለባት
- ዕድሜዋ 35 የሞላና ሲጋራ የምታጨስ
- ዓይኗ ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚጀምር ማይግሬን ያለባት
- ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያጋጠማት
- ከባድ የጉበት በሽታ ወይም የጡት ካንሰር ያለባት
- የምታጠባና ልጇ 6 ወር ያልሞላው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት

ከነዚህ ብዙዎቹ ሚኒ ፒል ወይም ሌላ ዘዴ መጠቀም ይችላሉ። የጡት ካንሰር ያለባት ግን ሆርሞን ያለውን ሁሉ ትታ ሐኪሟን ታማክር።

መድኃኒት የምትወስዱም ተናገሩ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የፒልስን ጉልበት ይቀንሳሉ። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የተለመዱ አንቲባዮቲኮች ግን አይቀንሱም።

እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ

- የአንድ እግር እብጠትና ከባድ ሕመም
- ደረት ላይ ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር
- ከዚህ በፊት ያላያችሁት ዓይነት ከባድ ራስ ምታት
- የዓይን መጋረድ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር
- ከባድ የሆድ ሕመም

ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለልደታ ሰው ጥቁር አንበሳ እዚያው ክፍለ ከተማው ውስጥ ነው። ስትደርሱ ደግሞ «ፒልስ እወስዳለሁ» በሉ። ብዙ ሴቶች ከባል ወይም ከእናት ደብቀው እንደሚወስዱ እናውቃለን፤ ያ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ከሐኪም ግን አይደበቅም። ሐኪሙ ካላወቀ የሳንባውን መርጋት ብርድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ካንሰርስ?

መልሱ ሁለት ገጽ አለው። የጡት ካንሰር ዕድልን በትንሹ ይጨምራል። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ 1.8 ሚሊዮን ገደማ የዴንማርክ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በሆርሞን መከላከያ ምክንያት በዓመት ከ7,690 ሴቶች አንድ ተጨማሪ ታማሚ እንደሚኖር አስልቷል። ከ5 ዓመት በላይ መውሰድ የማህፀን በር ካንሰር ዕድልንም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ቅድመ ምርመራ አትርሱ። በሌላ በኩል የእንቁልጢን (ኦቫሪ) እና የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ይቀንሳል።

ፖስት ፒል

በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። በወሰዳችሁ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ድገሙት። የሚሠራው እንቁላል እንዳይወጣ በማዘግየት ነው፤ የተፈጠረ እርግዝና አያስወርድም። ቶሎ ቶሎ መውሰድ መርዝ አይሆንም፣ ግን የወር አበባን ያዛባል፤ ከቋሚ መከላከያም ደካማ ነው። የወር አበባችሁ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ አድርጉ። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው ኮንዶም ነው፤ ፒልስም ፖስት ፒልም አይከላከሉም።

ከረሳችሁ

አንድ ቀን ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ዋጡት፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንም እንኳ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ቀን ካለፋችሁ መጨረሻ የረሳችሁትን ውሰዱ፣ እሽጉን ቀጥሉ፣ ለ7 ቀን ኮንዶም ጨምሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ፦ ደም ግፊታችሁን ተለኩ፣ ያለባችሁን ሕመምና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነፃ ነው፤ ልኬቱም ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ መረጃ የሐኪም ምክርን አይተካም። ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለሚስት ሼር አድርጉ። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን።