የዶፓሚን ልቀት ልጓም እንዴት ተገኘ

ክሎርፕሮማዚን የአእምሮ ሕሙማንን እንደሚያረጋጋ ከ1952 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢታወቅም፣ በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ለብዙ ጊዜ ምስጢር ሆኖ ቆይቷል። ዶፓሚንም ቢሆን በዚያ ዘመን ኖርአድሬናሊን ከሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ያለፈ ግምት አይሰጠውም ነበር። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 በሬሰርፒን የፈዘዙትን ጥንቸሎች በኤል-ዶፓ ካነቃ በኋላ እንኳ፣ በ1960 ለንደን ላይ በተደረገው ጉባኤ ሰር ሄንሪ ዴልን የመሰሉ አንጋፋ ሊቃውንት ነገሩን የተመለከቱት በጥርጣሬ ነው።

በ1963 ካርልሰንና የሥራ ባልደረባው ማርጊት ሊንድክቪስት ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የተሰጣቸውን አይጦች አንጎል መረመሩ። የዶፓሚኑ መጠን እንዳለ ነው፤ ዶፓሚን ከተለቀቀ በኋላ የሚገኘው ሜቶክሲታይራሚን ግን ጨምሯል። እንስሳውን የሚያፈዝ መድኃኒት የመልእክተኛውን ልቀት እንዴት ያበዛል? ሁለቱ ተመራማሪዎች፣ መድኃኒቱ በተቀባዩ ሕዋስ ላይ ያለውን መቀበያ እንደሚዘጋ፣ መልእክት የተቋረጠበት ወገንም ላኪውን ሕዋስ መልሶ እንደሚጎተጉት ገመቱ።

ግምቱ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነበር። በ1971 ፋርኔቦና ሃምበርገር የአይጥ አንጎል ስስ ቁራጭ በኤሌክትሪክ ሲያነሣሡ፣ መቀበያውን የሚያነቃቃው አፖሞርፊን የዶፓሚንን ልቀት ቀነሰው፤ መቀበያውን የሚዘጉት መድኃኒቶች ደግሞ ጨመሩት። ልብ ይባል፤ የላኪዎቹ ሕዋሳት አካል የሚገኘው በመሐል አንጎል ነው፤ በቁራጩ ውስጥ የቀሩት ጫፎቻቸው ብቻ ናቸው። በማግሥቱ ዓመት በጎተንበርግ የካርልሰን ቡድን ነርቮቹን ከሕዋሳቱ አካል ቆርጦ ሲመለከት፣ የዶፓሚን ምርት ያን ጊዜም በአፖሞርፊን ይገታል፤ እገታውም በሃሎፔሪዶል ይነሣል። እንግዲህ ልጓሙ በላኪው ሕዋስ በራሱ ላይም አለ ማለት ነው። ላኪው የለቀቀውን ራሱ ይቀምሳል፤ ሲበቃውም እጁን ይሰበስባል። ካርልሰን በ1975 መቀበያውን አውቶሪሴፕተር ብሎ ጠራው።

ዛሬ ከዲ2 ወገን መሆኑ የታወቀው ይህ መቀበያ በነርቩ ጫፍ ላይ የካልሲየምን መግቢያ ያጠባል፣ የፖታሲየምን መውጫ ይከፍታል፣ ዶፓሚን የሚሠራውን ኤንዛይም ያዘገያል፤ በሕዋሱ አካል ላይ ሲሆን ደግሞ የምልክቱን ፍጥነት ይቀንሳል። በጥቂት መጠንም ይነቃል፤ አፖሞርፊን በጥቂቱ ሲሰጥ አይጥን የሚያፈዝ፣ በብዛት ሲሰጥ ግን የሚያቅበጠብጥ ስለዚህ ነው።

ሃሎፔሪዶል ሁለቱንም ወገን ይዘጋል። ስለዚህ ሕክምናውን በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነቱ የሚገትርበት ሕመምተኛ ዶፓሚን አንሶት ሳይሆን፣ የተለቀቀው ዶፓሚን ሰሚ አጥቶበት ነው። ላኪውን በገዛ ልጓሙ የሚገታ፣ በተቀባዩ ዘንድ ግን የዶፓሚንን ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት ሲሹ የነበሩ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አሪፒፕራዞልን ሠሩ፤ በአሜሪካም በ2002 ለሕክምና ተፈቀደ።