የድንጋይ ማስቲክ አስፋልት

የድንጋይ ማስቲክ አስፋልት ከባድ ተሽከርካሪዎች ለሚበዙባቸው መንገዶች የላይኛ ንጣፍ የሚውል የአስፋልት ድብልቅ ነው። ሁለት ክፍሎች አሉት፦ እርስ በርሱ ተነካክቶ የቆመ የተፈጨ ድንጋይና በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ማስቲክ። ማስቲክ የሬንጅ፣ የደቃቅ አሸዋ፣ የድንጋይ ዱቄትና የቃጫ ቅልቅል ነው። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው ድንጋዩ ሲሆን፣ ማስቲኩ ድንጋዮቹን አጣብቆ ይይዛል፤ ውሃና አየር እንዳይገባም ይከላከላል።

ታሪክ

ድብልቁ የተፈለሰፈው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ጀርመን ነው። በዚያን ጊዜ በክረምት በረዶ ላይ ላለመንሸራተት ይገጠሙ የነበሩት የብረት ጥርስ ያላቸው ጎማዎች የመንገዱን ገጽ በፍጥነት ይፍቁት ነበር። እነዚህ ጎማዎች በ1975 ቢከለከሉም፣ ድብልቁ በከባድ መኪኖች ጎማ ሥር የሚፈጠረውን ቦይ መሰል ስርጉደት ስለሚቋቋም አገልግሎቱ ቀጠለ። በ1984 በጀርመን ብሔራዊ የሥራ ደረጃ ውስጥ ተካተተ። የአሜሪካ ባለሙያዎች በ1990 አውሮፓን ከጎበኙ በኋላ፣ በ1991 በአሜሪካ የሙከራ መንገዶች ተሠሩ።

ይዘት

በተለመደው አስፋልት ውስጥ ከትልቁ እስከ ደቃቁ ያለው ጠጠር በተመጣጠነ መጠን ይገኛል። በድንጋይ ማስቲክ አስፋልት ግን መካከለኛው ጠጠር ተቀንሶ ትልቁ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው የድንጋይ ዱቄት ነው። ሬንጁ ከድብልቁ ክብደት ከ6 እስከ 7 በመቶ ስለሚሆን ድንጋዩን በወፍራም ሽፋን ያለብሰዋል፤ ይህም ንጣፉ ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ትኩስ ሬንጅ ከድንጋዩ ላይ እንዳይንጠባጠብ 0.3 በመቶ ያህል የሴሉሎስ ቃጫ ይጨመራል።

የድብልቅ ንድፍ

ንድፉ የሚጀምረው ከድንጋይ ምርጫ ነው። ድንጋዩ እንደ ባዛልት ጠንካራ፣ ባለ ብዙ ጠርዝ፣ ያልጠፈጠፈና ያልሾለ መሆን አለበት፤ ደካማ ድንጋይ በንክኪው ነጥብ ላይ ይሰበራልና።

ቀጥሎ ድንጋዮቹ በእርግጥ መነካካታቸው ይመረመራል። በመጀመሪያ ትልቁ ጠጠር ብቻውን በዕቃ ውስጥ በብረት ዘንግ ተጠቅጥቆ በመካከሉ ያለው ክፍተት ይለካል። ከዚያ በተደመደመው ድብልቅ ውስጥ በዚያው ጠጠር መካከል ያለው ክፍተት ይሰላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ አሸዋው ድንጋዮቹን አራርቋቸዋል ማለት ስለሆነ ደቃቁ ይቀነሳል።

በመጨረሻ የሬንጁ መጠን ይወሰናል። በአሜሪካ አሠራር በተደመደመው ናሙና ውስጥ 4 በመቶ ያህል አየር እንዲቀር ይደረጋል፤ የሚንጠባጠበው ሬንጅም ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈተሻል።

ግንባታ

ድብልቁ በትኩስነቱ ተነጥፎ ወዲያውኑ በከባድ ብረት ዳምጠው ይደመደማል። የጎማ ዳምጠው ማስቲኩ ስለሚጣበቅበት አይመረጥም። ንዝረት ከበዛ ድንጋዩ ይሰበራል፤ ማስቲኩም ወደ ላይ ይወጣል።

ጥቅምና ጉድለት

ሻካራ ገጹ የዝናብ ውሃን ከጎማ ሥር ያስወጣል፤ የጎማ ድምፅንም ይቀንሳል። በሌላ በኩል ብዙ ሬንጅ፣ ጥሩ ድንጋይና ቃጫ ስለሚፈልግ ከተለመደው አስፋልት ይወደዳል። አዲስ ንጣፍ ድንጋዩን የሸፈነው ሬንጅ በጎማ እስኪፋቅ ድረስ ሊያንሸራትት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት በጀርመን ገና ትኩስ እያለ ደቃቅ የተፈጨ ድንጋይ ይበተንበታል።